መሬታችን ውስጥ ምን አለ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ስለ ብረት ፈላጊ መሣሪያ ያቀረበችው ንግግር)

ቡናው እስኪፈላ ትንሽ እንድናገር ሊቀመንበራችን ፈቅዳልኛለች። ትንሽ ማለቴ እንዳያታልላችሁ፤ ነገሩ ሰፊ ስለሆነ ከአቦል እስከ በረካ ላስቀምጣችሁ እችላለሁ።

የምናገረው በመጋዘናችን ጥግ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለተቀመጠው ዕቃ ነው። የአንዷ አባላችን ልጅ ከውጭ አገር ስትመጣ ለማኅበሩ ብላ ያመጣችው፣ ዘንግ የመሰለ፣ ጫፉ ላይ ክብ ሰሃን ያለበት ብረት ፈላጊ መሣሪያ። እሷ በምትኖርበት አገር ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው በባሕር ዳርቻና በእርሻ ላይ ይዘውት እየዞሩ የጠፋ ቀለበትና የድሮ ሳንቲም ይፈልጉበታል። መዝናኛ ነው። እኛ ዘንድ ከደረሰ ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ መዝናኛ ሲባል አልሰማሁም። ግማሻችን ወርቅ ማውጫ እንለዋለን፣ ግማሻችን ፈንጂ መፈለጊያ። ሱዳን ቆይተው የተመለሱ ልጆቻችን በዐረብኛ ጂሃዝ ይሉታል። ሁለት ወር ሙሉ የፈራው ፈርቶት፣ የተመኘው ተመኝቶት፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል።

እኔ የተመረጥኩት ተምሬበት አይደለም። ወንድሜ ከሱዳን ሲመለስ አንድ ያገለገለ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሱ ሰልችቶት ሲጥለው እኔ አንስቼ ለመድኩት። አሁን በሰፈራችን ዕቃ የጠፋባት ሴት እኔን ትጠራለች። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ፣ ብዙ የምኮራበት አይደለም።

ከአንዲት ጉትቻ ልጀምር። ባለፈው ኅዳር አንዲት ጎረቤቴ ሰሊጥ ስታራግፍ የአንድ ጆሮዋ የወርቅ ጉትቻ ወደቀባት። የእናቷ መታሰቢያ ነበረች። ሂላው ቆሞበት የነበረውን ቦታ አፈሩን በወንፊት ስትነፋ ዋለች፤ አጣች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መሣሪያውን ይዤ ሄድኩ። በሁለት ጠዋት ያወጣነውን ሁሉ በጨርቅ ላይ ደርድሬ ቆጠርኩት፦ 14 ቆርኪ፣ 8 ምስማር፣ 6 የተጨማደደ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት፣ አንድ የተሰበረ የማጭድ ጫፍ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ 50 ሳንቲም፣ አንድ የክላሽ ቀለህ። ጉትቻዋ 33ኛዋ ነበረች። ጎረቤቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ እዚህ አልደግመውም፤ እናቷ ሁለተኛ የተቀበረች ያህል ሆኖባት ነበርና።

እንግዲህ የዚህ ነገር ትክክለኛ መልኩ ይህ ነው። 32 ጊዜ ለከንቱ ጎንበስ ማለት። ይህን የማትወድ ሴት ባትጀምረው ይሻላታል። ለምትወደው ግን፣ እውነቴን ነው፣ ከራስ ምታት የሚያድን ነገር ነው። ጆሮሽ ድምፁ ላይ ስለሚሆን የቤት ጣጣ ለአንድ ሰዓት ይረሳሻል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሰሃኑ ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ዙሪያውን ማግኔታዊ ኃይል ይፈጥራል። ያ ኃይል መሬት ውስጥ ያለ ብረት ወይም ናስ ወይም ብር ሲነካ በዕቃው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀሰቅሳል፤ ዕቃውም በተራው ደካማ መልስ ይሰጣል። መሣሪያው መልሱን ሰምቶ ይጮኻል። ብረት ሲሆን ድምፁ ወፈር ይላል፤ ብርና መዳብ ሲሆን ይቀጥናል። ትንሽ ወርቅ ግን ድምፁ ከዚያ ከብርማው ወረቀት ድምፅ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ወረቀት መቆፈር የሰለቻት ጉትቻ አታገኝም።

ሰሃኑን ስታንቀሳቅሱት ቤት እንደምትጠርጉ አድርጉት፤ ዝቅ፣ ቀስ፣ እኩል። መጥረጊያውን ወደ ላይ የምታነሳ ሴት አቧራ ታስነሳለች እንጂ ቤት አትጠርግም፤ ሰሃኑን ጫፍ ላይ ከፍ የምታደርግም እንዲሁ ታልፈዋለች። እያንዳንዱ ጠረጋ የቀደመውን ግማሽ ይደርብ። አልቦ፣ አምባር፣ ቀለበት አውልቁ፤ ስልካችሁን አርቁ፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ የራሳችሁን እጅ ስታሳድዱ ትውላላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ከጫማዬ ምስማር ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት።

ትምህርቱ የሚጀመረው ሜዳ ወጥቶ አይደለም። በጓሯችሁ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ምስማር፣ አንድ ቆርኪ፣ አንድ ቁልፍ በተለያየ ጥልቀት ቅበሩ፤ በላያቸው እንጨት ትከሉ። ከዚያ እየተመላለሳችሁ አዳምጡ። የሳንቲም ድምፅ አንድ ስንዝር ላይ ሲሆን ምን ይመስላል? ከዚያ በላይ ሲጠልቅስ? እንደኛ ያለው መሣሪያ ለአንድ ሳንቲም ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም። «10 ሜትር ወርዶ ሣጥን ሙሉ ወርቅ ያሳያል» እያለ የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ስለ አፈራችን። ከውጭ የመጣው የመሣሪያው መመሪያ ስለ ባሕር አሸዋና ስለ ሣር ሜዳ ይናገራል፤ ስለ መተማ ዋልካ ግን አንድ ቃል የለውም። የእኛን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ጫማ ይነቅላል። በበጋ ይሸማቀቅና እግር የሚውጥ ንቃቃት ይከፍታል። ቁልፍ የጣለች፣ ሳንቲም የወደቀባት፣ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ሲጠፋባት ያየች እዚህ ውስጥ ስንቷ ናት? አያችሁ፣ እጃችሁን ስታወጡ። አፈሩ በክረምት ተመልሶ ሲያብጥ ስንጥቁን ይዘጋዋል፣ ዕቃውም እዚያው ይቀራል። ድንጋዩን ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ማሳችንን በየዓመቱ ድንጋይ ብንለቅም የማያልቀው ለዚህ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ። በሌላ አገር ጠለቅ ያለ ነገር ያረጀ ነው ይባላል። በዋልካ ግን ጥልቀት ዕድሜ አይናገርም። አምና የወደቀው ሳንቲም ከአያት ቅድመ አያታችን ዘመን ብር በታች ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል።

ሌላው ጥቁር ድንጋያችን ነው። ባዛልት የሚባለው ይህ ድንጋይ በውስጡ የብረት ማዕድን ስላለው መሣሪያውን ያስጮኸዋል። ስለዚህ መሣሪያው መሬቱን እንዲለምድ ሰሃኑን በባዶ አፈር ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ድምፁ እስኪረጋ አስተካክሉት። ጊዜውም ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል፤ መሬቱ ገና እርጥበት አለው፣ ለመቆፈርም አይከብድም። መጋቢትና ሚያዝያ የእኛን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ መገኘት የለባችሁም። በንቃቃቱ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ጊንጡም እባቡም ቤቱ እዚያ ነው። በቢላ ወይም በአጭር ዶማ ብቻ።

ስለ ወርቅ ብዙ ተጠይቄያለሁና በአጭሩ ልመልስ። ልጆቻችን ሱዳን ውስጥ ወርቅ በዚህ ዓይነት ዕቃ ሲፈለግ ያዩት እውነት ነው። በሱዳን ከዛሬ 15 ዓመት ገደማ ጀምሮ እጅግ ብዙ ሰው ወደ በረሃው ወርቅ ፍለጋ ወጥቷል፤ ማይንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያም መሣሪያውን በብዛት ሸጦላቸዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ከልጆቻችን ብዙዎቹ በዚሁ በመተማ በር ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ መሣሪያ ይዘው። ግን ያ ለወርቅ ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነት ነው፣ ዋጋውም የእኛን ብዙ እጥፍ ነው። የሚሰማውም ቁራጭ ወርቅ እንጂ ዱቄት አይደለም። በቤኒሻንጉል ያሉ እህቶቻችን ከወንዝ አሸዋ በገበቴ እያጠቡ የሚያወጡትን ዓይነት ደቃቅ ወርቅ ይህ መሣሪያ አያውቀውም። ደግሞም ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በባህላዊ መንገድ ለማምረትም በአዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ከክልሉ ፈቃድ ይወጣል። ማኅበራችን ወርቅ እናምርት ካለ በዚያ በር እንግባ፤ በዚህ ዘንግ ግን አይሆንም። ይህንን እዚህ ላይ ልዝጋው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መተማ የት እንዳለች አስቡት። ከሱዳን ነጋዴ ጋር የሚገናኙባት የቆየች ገበያ ናት። በአያቶቻችን ዘመን ቡናው፣ ጥጡ፣ ሰሙ፣ ከብቱ በዚህ አልፏል፤ ሰውም ተሽጦባታል፣ እሱንም አንርሳ። ክፍያው በማርትሬዛ ነበር። ማርትሬዛን ካገኛችሁ በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ታያላችሁ። ያ ዓመት ግን የታተመበት አይደለም፤ ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ታትሟል። ስለዚህ ብሩ ራሱ ዕድሜውን አይነግራችሁም።

ከዚያ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አለ። ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶቹ ጋር የተዋጉት እዚህ ነው። የመሐዲስቶቹ አዛዥ ዘኪ ጠማል ሠራዊቱን በአጥር ውስጥ አድርጎ ጠበቃቸው። ውጊያው ወደ ኢትዮጵያ ካደላ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። አስከሬናቸው ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከተማችን መተማ ዮሐንስ የምትባለው በዚህ ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማታስቡት ግን ያን ቀን የተተኮሰው ጥይት ሁሉ የት እንደገባ ነው። ሰሊጥ በምንዘራበት፣ ከብት በምናግድበት፣ ቤት በምንሠራበት አፈር ውስጥ ገብቷል።

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ይህን መሣሪያ መጀመሪያ ከሞከሩት ሰዎች አንዱ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ቆስለው ሳሉ ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ ለመፈለግ ነበር የሠራው። አላገኘውም፤ የአልጋው የብረት ሽቦ እንዳሳሳተው ይነገራል፤ ሰውዬው ሞቱ። ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 1881 ነው። በእኛ 1881 ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ። በመካከሉ 8 ዓመት አለ፣ ቁጥሩ ብቻ ነው አንድ የሆነው። እኔ ግን ካነበብኩት ወዲህ መሣሪያውን ሳነሳ ሁለቱም ትዝ ይሉኛል።

እንቀጥል። ያን ቀን በሁለቱም ወገን የነበረው ዋነኛ ጠመንጃ ሬሚንግተን ነበር። የእኛዎቹ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጾች ማርከውት ነበር፤ መሐዲስቶቹም እንዲሁ ከግብጽ ጦር ማርከውታል። አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ዓይነት የእርሳስ ጥይት። እንግዲህ አንዲት ልጅ ከማሳዋ ያንን ጥይት አግኝታ ብትመጣና «የማን ነው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ? ጥይቱ አይናገርም። ጥልቀቱም፣ እንዳልኳችሁ፣ በዋልካ አፈር አይናገርም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተገኘበት ቦታ። አጥሩ የት ነበር? የእኛ ሰዎች የት ደርሰው ነበር? ሽሽቱ በየት በኩል ሆነ? ጥይቶቹ የት የት እንደተበተኑ ካልታወቀ ይህ ሁሉ አይታወቅም።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። በአሜሪካ ሞንታና ሊትል ቢግሆርን የተባለ የጦር ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 የጄኔራል ከስተር ወታደሮች በነባር ሕዝቦቹ ተዋጊዎች የተደመሰሱበት ነው። በ1983 ሣሩ በእሳት ተቃጥሎ ሜዳው ሲገለጥ፣ በቀጣዩ ዓመት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው ብረት የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞችን ጠርተው ጎን ለጎን አሰልፈው አስፈተሹት። ያገኙትን ወዲያው አላነሱም፤ ባንዲራ ተከሉበት፣ ቦታውን ለኩ፣ ከዚያ አነሱት። ቀለሁ ላይ የጠመንጃው መምቻ የሚተወው ምልክት ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለያይ፣ አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እየተንቀሳቀሰ እንደተኮሰ አወቁ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲወራ የነበረው ታሪክ ብዙ ቦታ ላይ ተስተካከለ። ልብ በሉ፣ መሣሪያውን የያዙት እንደኛ ያሉ ተራ ሰዎች ነበሩ።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር። አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ ሁለት ዓመት ከልጆች ቁርጥራጭ ብረት እየመዘንኩ እገዛ ነበር። ከዚያ ከጎንደር ለሚመጣ ነጋዴ እሸጣለሁ። እርሳስ ከብረት ይበልጥ ዋጋ ስለነበረው ልጆቹ ትንንሽ ድብልብል እርሳስ በጣሳ ያመጡልኝ ነበር። ከየት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። አቅልጬ በኪሎ ሸጥኩት። ምን እንደነበር የገባኝ በኋላ፣ ወንድሜ የሬሚንግተን ጥይት ምን እንደሚመስል በሥዕል ሲያሳየኝ ነው። ስንቱን እንዳቀለጥኩ አላውቅም።

አያቴ የኩሏ ማስቀመጫ የድሮ የናስ ቀለህ ነበር። ልጅ ሆኜ ከየት ነው ስላት «ከእርሻ» አለችኝ። የቱ እርሻ ብዬ ሳልጠይቃት አረፈች። ቀለሁ አሁንም እኔ ዘንድ አለ፣ ያምራል፤ ያ ቦታ ግን ከእሷ ጋር ሄደ።

ስለዚህ ሕጉን እወቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈርን ይከለክላል። ይህ ማለት መሣሪያውን ይዘን «እስቲ የዮሐንስን ጦር ሜዳ እናስስ» ማለት አንችልም። ነገር ግን ሰው ቤት ሲሠራ፣ ሲያርስ ሳያስበው ቅርስ ቢያገኝ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ላስረከበውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ወጪ ካለበትም እንዲተካለት ይላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ክልከላውን ነው፤ ሽልማቱን ግን የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ይደብቃል ወይም ያቀልጣል። ለጎረቤቶቻችሁ ይህንን ሁለተኛውን ንገሩልኝ። የሚነገረው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያሳዝን እንጂ የሚገድል አልነበረም። አሁን ወደሚገድለው ልምጣ።

ከ1881 በኋላ ሌላም ጦርነት እዚህ ተደርጓል። ጣልያን መተማን ይዞ ሳለ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ማዶ ገላባትን በመድፍ፣ በአውሮፕላንና በታንክ አጠቁ። አዛዡ በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊልያም ስሊም ነበር። ገላባትን ያዙ፤ ታንኮቻቸው ግን በዚያ በጥቁር ድንጋያችንና በፈንጂ ተሰናከሉ፣ የጣልያን አውሮፕላኖችም ደበደቧቸው፣ መተማ ሳይገቡ ወደ ኋላ ተመለሱ። የመድፍ ጥይት ሁሉ አይፈነዳም። ያልፈነዳው መሬት ውስጥ ይቀራል፣ ዝጎም ይፈነዳል። ጣልያኖቹ ደግሞ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ መዳፍ የምትሞላ ትንሽ የእጅ ቦንብ ነበረቻቸው፤ ልጅ ቢያያት መጫወቻ ትመስለዋለች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የእኛው ዘመን ተኩስ አለ፤ እሱን የማታውቅ በዚህ ክፍል የለችም።

አንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ልጅ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። 10 ዓመት ይሆነዋል። ጆንያውን ከፈተና ከቆርቆሮና ከጎማ ሽቦ ጋር ክንፍ ያላት፣ ሆዷ ወፈር፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለች ነገር አውጥቶ ሚዛኔ ላይ ዘጭ አደረጋት። «ይቺ ትከብዳለች እትዬ፣ ለብቻዋ መዝኝልኝ» አለኝ። እኔም መዘንኳት። የምዋሽ እንዳይመስላችሁ፤ በእጄ አንስቼ ወደ ክምሩ ልወረውራት ነበር። ክንፏን ሳይ እጄ ቆመ። ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኳት፣ ልጁን በክንዱ ይዤ፣ በቤቱ ያሉትን ጠርቼ ወጣን። ፖሊስ መጣ፣ ባለሙያ ተጠራ። ሜዳ ወስደው አፈነዷት። ድምፁን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት፤ ቆርቆሮዬ ተንቀጠቀጠ። ልጁ አጠገቤ ነበር። «ስንት ኪሎ ሆነች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረት አልገዛም። ሚዛኑ አሁን በርበሬ ይመዝናል።

ይህን ባለፈው ሳምንት ለጥቂቶቻችሁ ሳጫውት አንዷ እህታችን እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ በርበሬ አለሽ። የእኔ ልጅ ደብተር የሚገዛው በብረት ነው።» እውነቷን ነው፣ የምመልሰው አጥቼ ቆየሁ። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የምለው ግን፦ የቤት ብረት ይሸጥ። የተቀደደ ድስት፣ ቆርቆሮ፣ የብስክሌት ጎማ ብረት፣ የአልጋ እግር፤ ከየት እንደመጣ የምታውቁት። ከመሬት የወጣ ግን አይመዘን። ከእኛ መካከል ብረት የምትገዙ አራት ሴቶች አላችሁ። እናንተ ካልገዛችሁ ልጁ አይቆፍርም። እናንተ ትታችሁ ሌላ ነጋዴ ከገዛ ደግሞ ገቢያችሁን ለምን ታጣላችሁ ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ ከማኅበሩ የብድር ገንዘብ ለእነዚህ አራት ሴቶች ቅድሚያ ይሰጥ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህ ጽሑፍ ሆኖ ሲወጣ የሚያነቡ ደጋፊዎቻችንም፣ መሣሪያ ከመጨመር ይልቅ በዚህ ቢያግዙን እመርጣለሁ።

ደጋፊዎቻችንን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሴቶቹ በዚህ መሣሪያ ማሳውን ከፈንጂ ያጽዱ የሚል። በቅን ልብ የታሰበ ነው። ግን አይሆንም። እውነት ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ ፈንጂ መፈለጊያ ሠርቶ እንግሊዞች ኤል አላሜን ላይ ተጠቅመውበታል። የእኛ ግን ያ አይደለም፣ እኛም ወታደር አይደለንም። በፈንጂ ውስጥ ያለው ብረት እጅግ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ብረት አልሰማም እንዲል አድርገን ካስተካከልነው ትልቁን የመድፍ ጥይት እያለፈ ዝም ሊል ይችላል። መሣሪያው ዝም ስላለ መሬቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለልጆቻችሁ አስረግጣችሁ ንገሩ፤ ዝምታውን የሚያምን ሰው ነው የሚጎዳው።

ሰፊና ወፍራም ድምፅ ስትሰሙ፣ ሰሃኑን ከፍ ብታደርጉትም የማይጠፋ፣ አትቆፍሩ። ስትቆፍሩም ድብልብል፣ ሾጣጣ፣ ክንፍ ያለው፣ ሁለት ጫፉ የተዘጋ ነገር ብቅ ካለ እጃችሁን አንሱ። አትነቅንቁት፣ ውሃ አታፍሱበት፣ ፎቶ ለማንሳት አትጠጉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ከሩቅ ምልክት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለፖሊስ ተናገሩ። ትንሿ ጥይትም ብትሆን ቀለሁና ጭንቅላቷ ካልተለያዩ ያልተተኮሰች ናትና አትነካም።

እንግዲህ ምን ቀረን ትሉኛላችሁ። ወርቁ የለም፣ ጦር ሜዳው በፈቃድ ነው፣ ፈንጂው ይገድላል። ብዙ ቀርቶናል። የራሳችን ጓሮ አለ። ቤቶች ከተሠሩ ጀምሮ ሰው የሚረግጠው፣ ምን እንደወደቀበት የምናውቀው አውድማና ሂላ ቦታ አለ። በገበያ ማግሥት ዳስ የነበረበት ቦታ አለ፤ እዚያ የሚወድቀውን ሳንቲም ብታዩ። ወደ ጫካው፣ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ አሮጌው ምሽግ ግን አንሄድም። የማንም መሬት ላይ ባለቤቱን ሳናስፈቅድ አንገባም። የቆፈርነውን ጉድጓድ እንደፍናለን፤ በጉድጓዳችን በሬ እግሩን ቢሰብር ማኅበሩ ነው የሚከፍለው። ሌላ መሣሪያ ከማዶ የሚያመጣ ዘመድ ያላችሁም፣ ኬላው ላይ ከመድረሱ በፊት ጉምሩኩን ጠይቁ።

ደብተር እንያዝ። ቀኑ፣ የማን መሬት እንደሆነ፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም ቤት ስንት እርምጃ፣ ምን እንደተገኘ። ቆርኪም ቢሆን ይጻፍ። ማንበብ የማትችል እህታችን ከልጇ ጋር ትምጣ፤ ልጁ ይጻፍ፣ እሷ ታዳምጥ። ያቺን ልጅ እርሳስ በጣሳ ከምታመጣልኝ ደብተር ይዛ ከእናቷ ኋላ ስትከተል ባያት ደስ ይለኛል። ምናልባት አንድ ቀን የጦር ሜዳውን የሚያጠኑ ሰዎች በፈቃድ ሲመጡ መስመር ይዘው የሚሰለፉት የመተማ ሴቶች ይሆኑ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድምፅ መለየት የሚችል ጆሮ ይፈልጋሉ።

ዕቃ ለጠፋባት አባል ፍለጋው በነጻ ይሁን፣ አባል ላልሆነ ግን ማኅበሩ ትንሽ ያስከፍል ብያለሁ፤ ዋጋውን እናንተ ወስኑ። በሰሊጥ ወቅት ጆሮ ያላት ሴት ሁሉ ደንበኛችን ናት።

ለመጀመር የምትፈልጉ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እኔ ቤት ጓሮ ኑ። ሽፍን ጫማ፣ ቢላ፣ ውሃ፣ ነጠላ ለፀሐዩ። አልቦ የለም። 10 ነገር ቀብሬያለሁ፣ የት እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ከመካከላቸው አንዱ ብር ነው፤ ያገኘችው ትወስደዋለች፣ የተገኘበትን በደብተሩ ከጻፈች በኋላ።

ቡናው የፈላ መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን።